እህቴ ሻንጣዋን ከመዝጋቷ በፊት የቱን የታሪክ መጽሐፍ ልበላት?

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ሦስት ልጆች አሉን። የ14 ዓመቷ 8ኛ ክፍል ናት፣ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። የ10 ዓመቱን ልጅና የ6 ዓመቷን ትንሿን ግን ካለፈው ዓመት ጀምሮ እኔው ቤት አስተምራቸዋለሁ። ሒሳቡም ንባቡም ደህና ነው፤ የተቸገርኩት ታሪክ ላይ ነው። አሜሪካ ያለችው እህቴ ለገና ትመጣለች። እዚያ ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ክርስቲያኖች የሚጠቀሙባቸውን የታሪክ መጻሕፍት ዝርዝር ላከችልኝና ‹ምረጪ› አለችኝ። ለየዕድሜያቸው ሦስት ዓይነት ይምጣልኝ ወይስ አንድ? እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ባለቤቴ ኦርቶዶክስ ነው። አብረውን የሚኖሩት አማቴ ደግሞ መጽሐፉን ገና ሳያዩት ‹እኛ የራሳችን ታሪክ የለንም ወይ?› ብለው ተቆጥተዋል። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። አማትሽ ልክ ናቸው። ይህን ስል ግን የፈረንጁ መጽሐፍ ይቅር ማለቴ አይደለም፤ ወደዚያ እንመጣለን።

ሦስት ዓይነት አታስመጪ። በፍጹም። ይህን ስህተት እኔ በገንዘቤ ነው የተማርኩት። ልጆቼን ቤት ማስተማር የጀመርኩ ጊዜ ለየዕድሜያቸው ሦስት የታሪክ መጽሐፍ ገዛሁ። ትልቁ ናፖሊዮን ላይ ነው፣ መካከለኛዋ የግብጽ ፒራሚድ ላይ፣ ትንሹ ደግሞ «ቤተሰቤና ሠፈሬ» የሚል ገጽ ላይ ሥዕል ይቀባል። ማታ ማታ የነገውን ሦስቱንም አነባለሁ፣ መብራት ሲጠፋ በስልክ መብራት። መስከረም ላይ ጀምሬ ኅዳር አጋማሽ ላይ አለቀ። ያለቁት መጻሕፍቱ እንዳይመስሉሽ፣ እኔ ነኝ። ከሁሉ የቆጨኝ ደግሞ ድካሙ አይደለም፤ ልጆቹ ምሳ ላይ ቁጭ ብለው ስለተማሩት እርስ በርስ የሚያወሩት ነገር አልነበራቸውም። አንዱ ሌላው ያለበትን አያውቀውም።

ሒሳብ ደረጃ አለው። ማባዛት ሳይችል ማካፈል አይሞከርም። ታሪክ እንደዚያ አይደለም። ስለ አድዋ የ6 ዓመት ልጅም መስማት ትችላለች፣ የ14 ዓመቷም ትሰማለች። የሚለየው ከሰሙ በኋላ የምትጠይቂያቸው ነው። ስለዚህ ሦስቱም በአንድ ጊዜ አንድ ዘመን ላይ ይሁኑ፣ አንድ ታሪክ ይስሙ፣ ሥራቸው ግን እንደየአቅማቸው ይለያይ።

ከእህትሽ ዝርዝር ውስጥ ለዚህ የሚመቹት ታሪክን በ4 ዓመት የሚከፍሉት ናቸው። አንድ ዓመት የጥንቱ፣ አንድ ዓመት መካከለኛው ዘመን፣ ከዚያ አዲስ አገር ፍለጋ ከወጡት መርከበኞችና ከሉተር ተሐድሶ ጀምሮ ያለው፣ በመጨረሻ የቅርቡ ዘመን። 4 ዓመቱ ሲያልቅ እንደገና ከጥንቱ ይጀመራል። አሁን የልጆችሽን ዕድሜ እይው፤ 6፣ 10፣ 14። አስበሽ የወለድሽ ይመስላል! ትንሿ አሁን የሰማችውን በ10 ዓመቷ ሌላ ዙር ትማረዋለች፣ በ14 ደግሞ ሦስተኛ። ወንዱ ሁለት ዙር ይደርሰዋል። ትልቋ አሁን ብትጀምር 12ኛ ክፍል ከመግባቷ በፊት አንዱን ዙር ሙሉ ታየዋለች። ለየክፍሉ የተዘጋጁት፣ ፈተናና የመልስ መጽሐፍ ያላቸው ደግሞ አንድ ልጅ ብቻ ላላት እናት ይሆናሉ፤ አንቺን ይገድሉሻል።

ያም ሆኖ ሙሉ ሳጥኑን አትግዢ። ሙሉውን ሲሸጡት ዋናው መጽሐፍ፣ የሥራ ደብተር፣ ለየዕድሜው ተጨማሪ ልብ ወለድ፣ ካርታ፣ ተለጣፊ፣ ምኑ ቅጡ፣ በመቶዎች ዶላር ይገባል። ሻንጣው ደግሞ 23 ኪሎ ነው፣ ወረቀት ደግሞ ይመዝናል። ለየዓመቱ አንድ ቅጽ ዋና የትረካ መጽሐፍ ይበቃሻል፣ እሱም ለ10 ዓመቱ ልክ የተጻፈው ይሁን። ለትንሿ ስታነቢላት እዚያው ወደ አማርኛ እየመለስሽ ታሳጥሪዋለሽ፣ ለትልቋ ትጨምሪበታለሽ። የሥራ ደብተሩ ይቅር። ኪሎ ከተረፈ ጥሩ አትላስ ይምጣልሽ።

የትኛው ዋና መጽሐፍ? እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የአማትሽ ቁጣ የሚገባኝ። እህትሽ ሽፋኑን ሳይሆን ከኋላ ያለውን የቃላት ማውጫ ፎቶ አንስታ ትላክልሽ። አክሱምን ፈልጊ። ኢዛናን ፈልጊ። አድዋን ፈልጊ። መጽሐፉ ስለ ክርስትና በአፍሪካ ሲያወራ የሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ያለውን ጃንደረባ አንስቶ ከዚያ በቀጥታ ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን ሚሲዮናውያን የሚዘል ከሆነ፣ በመሀል 1,800 ዓመት ጠፍቷል ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቱ ብዙ ነው። ይህ ብቻውን አያስጥለውም፣ ክፍተቱን አንቺ ትሞዪዋለሽ፤ ግን ክፍተቱ የት የት እንደሆነ ሳታውቂ አትግዢ። የቅርቡን ዘመን ቅጽም እዪው። ብዙዎቹ የተጻፉት ለአሜሪካ ልጆች ስለሆነ የመጨረሻው ዓመት በአብዛኛው ስለ አሜሪካ ሊሆን ይችላል። እሱን ቅጽ ጭራሽ አታስመጪ። ያኔ ሌላ እንፈልጋለን።

ቀጥሎ 451ን ፈልጊ። በፈረንጅ 451 የኬልቄዶን ጉባኤ የተደረገበት ዓመት ነው። የኢትዮጵያ፣ የግብጽ፣ የአርመንና የሶርያ አብያተ ክርስቲያናት ያልተቀበሉት ጉባኤ። አብዛኛው የምዕራብ መጽሐፍ እዚህ ላይ ሲደርስ እነዚህን «ሞኖፊዛይት» ብሎ፣ ማለትም በክርስቶስ አንድ ባሕርይ ብቻ የሚያምኑ፣ ሰው መሆኑን የካዱ አድርጎ በአንድ መስመር ያልፋቸዋል። ባለቤትሽና አማትሽ ግን ተዋሕዶ ናቸው፤ መለኮትና ሥጋ ያለ መቀላቀል ያለ መለያየት ተዋሐዱ ነው የሚሉት። ልጅሽ የገዛ አያቱን ቤተ ክርስቲያን በእንግሊዝኛ መጽሐፍ «መናፍቅ» ተብላ ቢያነባት ቤትሽ ውስጥ ምን እንደሚፈጠር አስቢው። ገጹ ሚዛናዊ ከሆነ እሰየው። ካልሆነ ያን ቀን አንቺ አታንብቢ፣ አባትየው ያስተምር። አንቺ ደግሞ ሉተር ላይ ስትደርሱ ታስተምሪያለሽ። ልጆች ወላጆቻቸው የማይስማሙበት ነገር እንዳለ አስቀድመው ያውቃሉ፤ የሚያስፈራቸው ሲደበቅ ነው።

ደግሞ የሁለታችሁም የሆነ ታሪክ አለ። አቡ ሩሚ የሚባል ኢትዮጵያዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካይሮ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ ተረጎመ። የእጅ ጽሑፉን የገዛው የእንግሊዝ መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ነው፤ ሙሉው በፈረንጅ 1840 ታተመ። የተረጎመው ከኦርቶዶክሷ ኢትዮጵያ የወጣ ሰው፣ ያሳተመው የፕሮቴስታንቶች ማኅበር። የእናንተ ቤት ማለት ነው እኮ!

አሁን አንድ ሳምንት እንዴት እንደሚሄድ ላሳይሽ። ክርስትናን የተቀበለውን የአክሱም ንጉሥ፣ ኢዛናን እንውሰድ።

ማክሰኞ ከሰዓት ታሪኩን ታነቢያለሽ ወይ ትነግሪያቸዋለሽ። ሁለት ልጆች ከጢሮስ ከዘመዳቸው ጋር በመርከብ ሲጓዙ ቀይ ባሕር ዳር መርከቢቱ ተያዘች፣ ሰዎቹ ተገደሉ። ሁለቱ ልጆች ግን ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ሲያጠኑ ተገኙ። አዎ፣ ዛፍ ሥር ትምህርታቸውን ሲያጠኑ! የእኔ ትንሹ ይህን ሲሰማ «እነሱም ቤት ነው የሚማሩት?» ብሎኛል። ልጆቹ ፍሬምናጦስና ኤድስዮስ ናቸው። ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ተወሰዱ፣ እዚያው አደጉ። ፍሬምናጦስ ኋላ እስክንድርያ ሄዶ ከአትናቴዎስ ጵጵስና ተቀብሎ ተመለሰ። አማትሽ የሚያውቁት ግን በሌላ ስሙ ነው፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን።

ትንሿ ምን ትሠራለች? ሁለት ክብ ትሥይላታለሽ፣ ሁለት ሳንቲም። የኢዛና የመጀመሪያዎቹ ሳንቲሞች ላይ ግማሽ ጨረቃና ክብ አለ፣ ክርስቲያን ከሆነ በኋላ በወጡት ላይ መስቀል። ትቀባቸዋለች፣ ምን እንደተለወጠ ትነግርሻለች። አለቀ፣ ወደ ጨዋታዋ።

ወንዱ የሰማውን በራሱ አፍ መልሶ ይተርካል። አታቋርጪው፣ አታርሚው። ሻርሎት ሜሰን የምትባል እንግሊዛዊት አስተማሪ ከመቶ ዓመት በፊት ይህን ዘዴ አስፋፍታዋለች፤ ፈረንጆቹ ቤት አስተማሪዎች ዛሬም ይምሉባታል። ለእኛ ግን አዲስ ነገር አይደለም፣ የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ ያጠናውን ቆሞ ለየኔታ ሲመልስ የኖረበት አገር ነው። ልዩነቱ እዚህ ቃል በቃል አይደለም፣ በራሱ ቃል ነው። ከዚያ አምስት ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፣ ከአምስት አይበልጥም።

ትልቋ ከትምህርት ቤት መጥታ ደክሟታል፣ ስለዚህ የእሷ ሥራ ለቅዳሜ ይደር። ለእሷ የሚሰጠው ጥያቄ ነው፤ «ይህን እንዴት አወቅን?» የልጆቹን ታሪክ የጻፈው ሩፊኖስ የሚባል ጸሐፊ ነው፣ ከራሱ ከኤድስዮስ አፍ ሰማሁ ይላል። ግን አገሩን «ህንድ» ነው የሚለው። ለምን? ትፈልግ። ደግሞ የኢዛና የድንጋይ ጽሑፎች አሉ። በሦስት ዓይነት ጽሕፈት፣ በግእዝ፣ በሳባና በግሪክ፣ የተጻፈው ላይ ንጉሡ ራሱን የማሕረም ልጅ ይላል፣ ማሕረም የጦርነት አምላክ ነው። በኋላ የተጻፈው ላይ ደግሞ ድሉን የሚሰጠው የሰማይ ጌታ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ ምን ትላለች? የሰው እምነት ሲለወጥ በድንጋይ ላይ ይታያል። በክርስቲያን ቤት ታሪክ ማስተማር ማለት ለእኔ ይህ ነው፣ በየገጹ ጥቅስ መለጠፍ አይደለም። ስብከት ለእሑድ አለ።

በሳምንት ሁለት ከሰዓትና አንድ ቅዳሜ፣ በቃ።

አሁን ወደ አንድ ጣጣ ልግባ፣ ማንም ቀድሞ ስላልነገረኝ። የዘመን አቆጣጠር! የፈረንጁ መጽሐፍ አድዋ 1896 ይላል፣ ልጁ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ የካቲት 23 ቀን 1888 ያያል። አቡነ ጴጥሮስ አንዱ ጋ 1928፣ ሌላው ጋ 1936። የእኔዋ ልጅ አንድ ጊዜ አቡኑን ሁለት ጊዜ ገድላ ጽፋለች። መድኃኒቱ ገመድ ነው። ሳሎን ግድግዳ ላይ 4 ሜትር ገመድ ወጥሪ፣ ኮሪደሩንም ተጠቀሚ። 10 ሳንቲ ሜትር አንድ ክፍለ ዘመን ይሁን፤ ከአብርሃም አካባቢ እስከ ዛሬ ይይዝልሻል። በልብስ መቆንጠጫ ወረቀት ይንጠልጠልበት፣ በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ የእኛ ዓመት በአረንጓዴ፣ የፈረንጁ በሰማያዊ ይጻፍ። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜ 8 መሆኑን ወንዱ በሁለት ሳምንት ይለምደዋል።

እዚህ ላይ አማትሽን ጥሪያቸው። አንዳንዶቹ የፈረንጅ ክርስቲያን መጻሕፍት ዓለም የተፈጠረው ከክርስቶስ በፊት 4004 ላይ ነው ብለው ይጀምራሉ። ቁጥሩ ጄምስ አሸር የሚባል የአየርላንድ ሊቀ ጳጳስ በፈረንጅ 1650 አካባቢ አስልቶ ያወጣው ነው። የእኛ ባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያን የዘመን ቀመር፣ ግን 5500 ነው የሚለው። 2018 ላይ 5500 ስትደምሪ 7518 ዓመተ ዓለም ይመጣል፣ ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል፣ ስለዚህ ዘመነ ማርቆስ። 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። የ10 ዓመቱ ልጅሽ ማካፈልም ታሪክም በአንድ ላይ ከአያቱ ተማረ ማለት ነው። እኚህን ሴትዮ ተቃዋሚ አድርገሽ አትያቸው፤ የቀጠርሽው መምህር ቢሆኑ ኖሮ በወር ስንት ትከፍያቸው ነበር?

እግረ መንገዴን ድንቅነሽን ላንሳ፣ መቼም ትመጣብሻለች። ከእነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹ ምድር ጥቂት ሺህ ዓመት ብቻ ናት ብለው የሚያስተምሩ ናቸው። ልጆችሽ ደግሞ የሚኖሩት 3.2 ሚሊዮን ዓመት ናት የምትባለው ድንቅነሽ ካለችበት ከአምስት ኪሎው ሙዚየም በታክሲ ርቀት ነው። ትልቋ ፈተና ላይ ትጠየቃለች። አትደብቂ። የሥነ ምድር ባለሙያዎች የሚሉትን በትክክል ትወቅ፣ ክርስቲያኖች ዘፍጥረት 1ን በተለያየ መንገድ እንደሚያነቡትም ትወቅ፣ አንቺ የምታምኚውንም ንገሪያት። ከዚህ በላይ አልገባም፣ ዓምዱ አይበቃኝም።

ይልቅ የሠፈርሽን ነገር ልንገርሽ። ፈረንጁ መጽሐፍ በምንም መንገድ የማይነግርሽ እሱን ነው። ልጆችሽ ከኮንዶሚኒየሙ በር ሲወጡ አፋን ኦሮሞ ይሰማሉ። አናሲሞስ ነሲብ ማን እንደሆነ ያውቃሉ? በልጅነቱ ለባርነት የተሸጠ፣ ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣ፣ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሶ በፈረንጅ 1899 ያሳተመ ሰው ነው። አስቴርም ራሷ ከባርነት ነፃ የወጣች ናት። ስለ ባሪያ ንግድ ለ14 ዓመት ልጅ የምትነግሪበት ከዚህ የተሻለ በር አላውቅም። የሸጡት የገዛ አገራችን ሰዎች መሆናቸውንም አትዝለይ።

ጎረቤትሽ ሙስሊም ከሆነች ደግሞ በፈረንጅ 615 አካባቢ የነቢዩ ተከታዮች ከመካ ሸሽተው የክርስቲያኑ የአክሱም ንጉሥ ዘንድ መጠጊያ እንዳገኙ ሦስቱም ልጆች ከጎረቤት ልጆች ጋር አብረው ይስሙት። ጥሩ የቡና ወሬ ነው። በዚያው ልክ ግን የግራኝ አሕመድ ጦር የልብነ ድንግልን ጦር ያሸነፈበትን ሽምብራ ቁሬንም አትሸሺ፤ ሱስንዮስ ካቶሊክነትን በግድ ላድርግ ብሎ አገሩ በደም እንደታጠበ፣ በመጨረሻ በፈረንጅ 1632 ዙፋኑን ለፋሲለደስ እንደለቀቀም አትሸሺ። ክርስቲያን ክርስቲያንን ያረደበት ታሪክ ነው። ትልቋ ይህን ከአንቺ ካልሰማች ከቲክቶክ ትሰማዋለች፣ እንዴት ተጣሞ እንደሆነ አትጠይቂኝ።

አንድ ቅዳሜ ደግሞ ትልቋ ደብተር ይዛ ከነዋሪው አንድ ሽማግሌ ትጠይቅ። ኮዬ ፈጬ እርሻ እያለ ማን ያርስ ነበር? ምን ይዘራ ነበር? ሰዎቹ አሁን የት ናቸው? ፎቁ ከመቆሙ በፊት የነበረው ታሪክ የትም መጽሐፍ ላይ የለም። በትሕትና ትጠይቅ፣ ሰው የሚያመው ነገር ሊነካ ይችላል። አጠገቧ ሁኚ።

መኪና የምታገኙበት ቀን ደግሞ በቡታጅራ መንገድ ውጡ። መልካ ቁንጥሬ፣ ከዚያ ከዓለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም፣ ከዚያ የጢያ ትክል ድንጋዮች። ሦስቱንም በአንድ ቀን ትጨርሷቸዋላችሁ፣ በጠዋት ከወጣችሁ። ምሳ ቋጥሩ።

ሳልረሳው፣ የቤት ትምህርቱን በተመለከተ። 6ኛና 8ኛ ክፍል ላይ ፈተና አለ፣ ትልቋ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ተፈታኝ ናት፤ ስለዚህ እሷን ከትምህርት ቤት እንዳታስወጪ። ታሪክ 9ኛ ክፍል ላይ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ ይመጣባታል፣ እስከዚያ የአንቺ ገመድ ይጠቅማታል። ለወንዱ ግን ከአሁኑ ወረዳችሁ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደሽ በምን መንገድ ተመዝግቦ እንደሚፈተን ጠይቂ፣ መልሱንም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ተቀበዪ። ጎረቤት የነገረሽን ይዘሽ አትቀመጪ። የክፍሉን የመንግሥት መጽሐፍም ከጎን አስቀምጪው፣ የሚፈተነው ከእሱ ነው።

ለእህትሽ ዛሬ ማታ የምትልኪላት መልእክት እንግዲህ ይህ ነው፤ የጥንቱን ዘመንና የመካከለኛውን ሁለት ቅጽ ብቻ፣ አንድ አትላስ፣ የሥራ ደብተር የለም፣ ከመክፈሏ በፊት የማውጫውንና የ451ን ገጽ ፎቶ። መስከረምን አትጠብቂ፣ ከጥምቀት ማግስት ጀምሪ። ገመዱንና መቆንጠጫውን እዚያው ሠፈር ሱቅ ታገኚዋለሽ፤ የመጀመሪያዋን ወረቀት አማትሽ ይስቀሉ።